ሸክላውን ሳንጎዳ ለመቅዳት፡ በአነስተኛ በጀት ተንቀሳቃሽ ማጫወቻን መምረጥና ማሻሻል

መግቢያ

በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዘፈን ግጥም ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ካሴትና ሲዲ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ነው። ወደ ሸክላ የሚሄደው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሸክላው ቢገኝ ማጫወቻው አይገኝም፤ ማጫወቻው ቢገኝ ደግሞ ሸክላውን የሚበላ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪ ኪስ የሚችለው ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ እንዴት እንደሚመረጥና በእጅ ያለውም እንዴት እንደሚሻሻል ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተወለድኩባትን እንሴኖን እወስዳለሁ።

ሸክላና እንሴኖ

የሀገራችን ሸክላ ታሪክ ረጅም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። የዘመናዊው ዘፈን ሸክላ የደራው ግን አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከመሠረቱ በኋላ ነው። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ካይፋ ሪከርድስም የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975 አሳተመ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላ ነገር አበቃ።

ወደ እኛ አካባቢ ሸክላ ያመጣው አዲስ አበባ ነግዶ ለመስቀልና ለአረፋ ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ነው። ማጫወቻውም ሻንጣ መሳይ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር። በአጎቴ ቤት ዛሬም በቆርቆሮ ሳጥን የተቀመጡ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሉ። ልቅዳቸው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እዚሁ ተቀምጠህ የፈለግኸውን ያህል ቅዳ። ከዚህ ቤት ግን አንድም አይወጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁት ኢትዮፒክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይ ብዙ የዚያ ዘመን ዘፈኖችን መልሶ አውጥቷል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ በሲዲ ፈልጌ ያጣኋቸው አሉ። እንግዲህ ማጫወቻው ነው ወደ ሸክላው መሄድ ያለበት ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ መሥራት አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክላውን መጉዳት የለበትም።

ሲገዛ ምን ይታያል?

1ኛ. መርፌና ክብደት። ሸክላውን የሚነካው መርፌው ብቻ ስለሆነ ገንዘባችን መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። በርካሾቹ ሻንጣ መሳይ ማጫወቻዎች ላይ የሚገኘው የመርፌ መያዣ (ካርትሪጅ) ሴራሚክ የሚባለው ነው። ሸክላው ላይ 5 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጫናል። ማግኔቲክ የሚባለው ግን ከ2 እስከ 3.5 ግራም ይበቃዋል። ልዩነቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ሸክላው በተደጋጋሚ ሲጫወት ግን ይታያል። የሳፋየር መርፌ በአሥር በሚቆጠሩ ሰዓታት ሲያልቅ አልማዙ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ያገለግላል። ያለቀ መርፌ ክብደቱ ትክክል ቢሆንም ይቦጭራል።

2ኛ. ፍጥነት። የአጎቴ ሸክላዎች 45 ናቸው፤ አልበሞች 33⅓ ዙር፣ የጥንቶቹ ደግሞ 78 ዙር በደቂቃ ይሽከረከራሉ። የ78ቱ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «78 ያጫውታል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

3ኛ. የኃይል ምንጭና የድምፅ መውጫ። ባትሪ ለእንሴኖ ግዴታ ነው። ድምፁን በሽቦ አውጥቶ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ቀዳዳም መኖር አለበት። በስፒከር አጫውቶ በሞባይል መቅዳት የዶሮውንም የመንገዱንም ድምፅ አብሮ መቅዳት ነው።

ሁለት ምሳሌ እንይ። ኑማርክ ፒቲ 01 በስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሦስቱንም ፍጥነት ይዟል፤ የፍጥነት ማስተካከያም አለው። ካርትሪጁ ግን ሴራሚክ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ያወጣው ሳውንድ በርገር ደግሞ ማግኔቲክ ነው፤ ቻርጅ ተደርጎ 12 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ 78 ግን አያጫውትም፣ የራሱ ስፒከርም የለውም። ስፒከር ስለሌለው የሚንቁት አሉ። ለመቅጃ ከሆነ ግን ስፒከሩ ምን ያደርግልናል? ለባለ 45 ሸክላ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በእጅ ያለውን ማሻሻል

አዲስ መግዛት የማይችል ሰው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቅመዋል።

ሀ) መርፌውን መቀየር። ከሁሉም በፊት ይህ ይደረግ። ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ሰው ሸክላ ላይ አይቀመጥም።

ለ) ክብደቱን መለካት። ለዚህ የተሠራች ትንሽ ሚዛን አለች፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው። ከበዛ ይስተካከል፤ ነገር ግን ከተፈቀደው በታች ማውረድም ጉዳት ነው። የቀለለ መርፌ እየዘለለ ቦዩን ይመታል።

ሐ) ፍጥነቱን መፈተሽ። በማያስፈልግ ሸክላ ላይ ወረቀት ለጥፎ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። 45 መሆን ሲገባው 48 ከዞረ ዘፈኑ ከግማሽ ድምፅ በላይ ቀጥኗል፤ የሦስት ደቂቃውም ዘፈን በ2 ደቂቃ ከ49 ሰኮንድ ያልቃል። ትዝታው ባቲ አይሆንም፣ ቅኝቱ እንዳለ ከፍ ይላል እንጂ። የዘፋኙ ድምፅና የዘፈኑ ፍጥነት ግን የእሱ አይሆንም። ድምፁ የሚንገዳገድ ከሆነ ቺንጋው፣ ማለትም የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ ረግቧልና ይቀየር።

መ) ሴራሚኩን በማግኔቲክ መተካት። ብዙዎች ይህን ይመኛሉ። ይሁን እንጂ የማግኔቲክ ካርትሪጅ ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ የተባለ ማጉያ ይፈልጋል፤ ክንዱም ሚዛኑ የሚስተካከል መሆን አለበት። በርካሽ ማጫወቻ ላይ ይህን ሁሉ ከማውጣት አጠራቅሞ ሌላ መግዛት ይሻላል።

ከመቅዳት በፊት

እንሴኖ በበጋ አቧራማ ናት፤ የበርበሬ ገበያ ባለበት ሰፈር ደግሞ ብናኙ ሌላ ነው። አቧራው ሳይጠረግ መርፌ ማሳረፍ በአሸዋ መፈግፈግ ማለት ነው። በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ካስፈለገ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ (በአሲዱ አይደለም!) በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ በቦዩ አቅጣጫ ይወልወል፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት አይንካው። የጥንቶቹን 78 ሸክላዎች አልኮል ስለሚያሟሟቸው በጭራሽ አይነካቸው።

ቅጂው በኦዳሲቲ፣ በ24 ቢት ዌቭ ፋይል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ለግጥም ልቀማም ሆነ ለጥናት ደጋግመን የምንሰማው ቅጂውን ነው። ሸክላው ያርፋል።

ማጠቃለያ

በአጭሩ፣ ገንዘብ ሲያንስ መርፌና ክብደት ይቀድማሉ፤ ፍጥነት ይከተላል፤ ስፒከርና መልክ መጨረሻ ናቸው። አንድ ሐሳብም ለዲፓርትመንታችን አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ርካሽ ማጫወቻ ከሚገዛ፣ ዲፓርትመንቱ አንድ ማግኔቲክ ማጫወቻ፣ አንድ የመርፌ ሚዛንና ሁለት ትርፍ መርፌ ገዝቶ በፊርማ ቢያውስ የሁላችንም ችግር ይቃለላል። እንደ አጎቴ ሳጥናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። የሰው ንብረት ልንነካ ስንሄድ ቢያንስ የማይጎዳ መርፌ ይዘን እንሂድ።