ከባሳልት በታች ለማየት ለተነሳህ ልጅ

ልጄ፣ ከሽንዲ ተነስተህ የምድርን ውስጥ በንዝረት ሞገድ ለማየት ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ትጋትህን አውቃለሁ፤ ችኮላህንም አውቃለሁ። የኮምፒውተር ሰዓት ገንዘብ ነውና ስማኝ።

1. ኮምፒውተሩን ከመክፈትህ በፊት አባይ በረሃ ውረድ። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ስትሻገር ገደሉ ተቆርጦ ቆሞልሃል፦ ከላይ ባሳልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎ አሸዋ ድንጋይ። የመነሻ ሞዴልህን ከዚያ ያዝ። ከእውነት ርቆ የተነሳ ስሌት ለቀናት ሲመላለስ ከርሞ ሐሰተኛ ምስል ያስረክብሃል፤ ብዙ ጎበዞች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

2. ከዝቅተኛ ድግግሞሽ ጀምር። ከ5 ወደ 10 ሄርዝ ስታሳድግ ሞዴሉን የምትሸነሽንባቸው ክፍሎች ቁጥር በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ያጥራል። ወጪው 16 እጥፍ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ለጤፍ የታሰበ መሬት በመጀመሪያው እርሻ አይልምም፤ ተገምሶ፣ ተደጋግሞ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ባሳልቱ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየተደራረበ የፈሰሰ ነው፤ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይበትነዋል፣ ዝቅተኛው ግን የተሻለ ያልፋል። ቀጫጭኑን ንብርብር ለይቶ አያሳይህም፣ እውነት ነው። ቢሆንም ውድ ከፍለህ ከባሳልቱ ሥር ባዶ ከምታይ፣ በርካሽ ዋናውን ቅርጽ እይ።

3. በመስመር የሚመለስን ጥያቄ ባለ ሦስት ገጽታ አታድርገው። በጥር 1995 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆውን ቅርፊት ያጠኑት የኢግል ፕሮጀክት ሰዎች ሺህ ያህል መመዝገቢያ ተክለው፣ 20 ገደማ ፍንዳታ አፈነዱ። ዋነኞቹ መስመሮች ሁለት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንዱ በስምጥ ሸለቆው ርዝመት፣ ሌላው አቋርጦት። የምድር ቅርፊትን ውፍረት ያወቁት በዋናነት ሞገዱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ይህን ስሌት የአንተ ላፕቶፕም ይችለዋል። እርሱ ያልመለሰልህ ነገር ሲኖር ብቻ ወደ ሙሉው ሞገድ ስሌት ተሻገር።

4. የሚያንሰውን ወገን ቁጠር። ስሌቱ የሚረዝመው በምንጮች ቁጥር ነው። ፍንዳታው 20 ከሆነ በፍንዳታው አስላ። የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ፣ ጣቢያው ጥቂት ከሆነ ግን ገልብጠህ ጣቢያውን ምንጭ አድርገው፤ ውጤቱ አንድ ነው።

5. ፍንዳታዎችን ደምረህ በአንድ ጊዜ ማስላት ያጓጓል። ሁሉም መመዝገቢያ ሁሉንም ፍንዳታ ካልመዘገበ ግን አትንካው። ከደመርክም በየዙሩ የእያንዳንዱን ምልክት፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን፣ በዕጣ ቀያይር፤ አለዚያ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ያርፍና የድንጋይ ንብርብር ይመስልሃል።