መንገድ የሚከፍተው ሰው



ዛሪማ ያደግን ሁላችን የሊማሊሞን ዳገት እናውቃለን። የጫነ መኪና ወደ ደባርቅ ሲወጣ ጠመዝማዛው ላይ ጉልበት አንሶት የቆመ እንደሆነ፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘልና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ጭነቱ ደባርቅ ሲደርስ ግን የሚመሰገነው ሾፌሩ ነው፤ ታኮ ያደረገውን ልጅ ስም የሚጠይቅ የለም። ዛሬ የምናጠናው የዚህን ልጅ ሥራ ስለሚመስል ሙያ ነው። ሙያው የሚገኘው ግን በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የኳስ ሜዳ ላይ ነው።

አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት ጨዋታ የእኛን አይመስልም። እንቁላል የመሰለው ኳስ በእጅ ተይዞ ይሮጥበታል፤ ይወረወራልም። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ከሚያጠቁት 11 መካከል አምስቱ ከፊት ጎን ለጎን ተደርድረው ይቆማሉ። የእነዚህ አምስት ሰዎች ተግባር ሁለት ነው፤ አንደኛው ኳሱን የሚወረውረውን ጓደኛቸውን ተጋጣሚ እንዳይጥለው መከለል፣ ሁለተኛው ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዲቀበሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ ነጥብ የማስቆጠር ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነው። ሥራቸውን በደንብ ሲሠሩ ማንም ልብ አይላቸውም፤ አንድ ጊዜ ሲሳሳቱ ግን ወርዋሪው መሬት ላይ ይወድቅና ዓይን ሁሉ ወደ እነርሱ ይዞራል።

የሙያውን ጉዞ ለመረዳት ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ያልሆነ አንድ ሰው እንውሰድ። ምኒልክ ዋትሰን ይባላል፤ የተወለደው ግን በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ከተማ፣ በ1988 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ መጀመሪያ የተጫወተው ቅርጫት ኳስ ሲሆን፣ ይህም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በማሪስት ኮሌጅ ነበር። በ2011 ግን ካሊፎርኒያ በሚገኘው በሳድልባክ ኮሌጅ ከዚያ በፊት ተጫውቶት የማያውቀውን የአሜሪካ እግር ኳስ ሀ ብሎ ጀመረ። በ2012 ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ከአምስቱ በቀኝ ጫፍ አሰለፈው። በ2013 ኦክላንድ ሬይደርስ የተባለው ቡድን ከኮሌጅ ተጫዋቾች በሚደረገው ዓመታዊ ምርጫ 42ኛ አድርጎ መረጠው። ኳሱን በያዘ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ መተዳደሪያው ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት ተደጋገመበት። በ2015 የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ የዚያ ዓመት ውድድር በሙሉ አመለጠው። በ2017 ለዴንቨር ብሮንኮስ ተጫወተ፤ በ2018 ተሰናበተ። ያን ጊዜ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ዘግይቶ መጀመር አያሳፍርም፤ ጉልበት ግን ቶሎ የሚያልፍ ገንዘብ ነው። ከአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ታላቁ ሊግ የሚያልፉት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ለብዙዎቹ ከሜዳው በኋላ የሚቀረው የተማሩት ትምህርት ነው።

ይህ መንገድ የመክፈት ሥራ በአገራችንም አለ። በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ማግኘቱን ሁላችን እንሰማለን። በ10,000 ሜትሩ አብረውት የሮጡት መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ወጡ። በ5,000 ሜትሩ ደግሞ 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ በተወዳዳሪዎች መካከል ተዘጋበት። ያን ጊዜ መሐመድ ከድር ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀለት፤ ምሩጽም ማርሹን ቀየረ። መሐመድ በዚያ ሩጫ ሜዳልያ አላገኘም። ከእኛ መካከል የምሩጽን ስም የማያውቅ የለም፤ የመሐመድን ስም የሚያውቁ ግን ስንት ናቸው?

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ በእኛው ዘንድ ደርሷልና ነው። በሰፈራችን ቡድን አንድ ወንድማችን ሁልጊዜ በኋላ መስመር ይጫወት ነበር። ጎል ያገባውን ተሸክመን ስንጨፍር፣ እሱ የሁላችንን ልብስ ይሰበስብ ነበር። አንድ ቀን ቀረ። እኛም ቤቱ ሄደን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ያውም የሄድነው በተከታታይ ስለ ተሸነፍን ነው። ለምን እንደ ቀረ ስንጠይቀው፣ «መኖሬን የምታውቁ አልመሰለኝም» አለን። ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ መመለሱን ግን ለእሱ ትተናል።

በአሜሪካ ይህን ዕዳ ያወቁ አሉ። ከ2015 ጀምሮ የጆ ሙር ሽልማት የሚባል ለኮሌጆች ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ለአንድ ተጫዋች ሳይሆን ከፊት ለሚቆመው መስመር በሙሉ ነው። በታላቁ ሊግ ደግሞ ወርዋሪዎቹ በገና ሰሞን ለከለሏቸው ጓደኞቻቸው ስጦታ መስጠት ልማድ አድርገዋል።

እንግዲህ የጥናታችን ፍሬ ይህ ነው። ሳይታዩ መሥራት የሠራተኛው ቅንነት ነው፤ ያልታየውን ፈልጎ ማመስገን ግን የጓደኞቹ ዕዳ ነው። ዕዳው ካልተከፈለ ቅንነቱም አንድ ቀን ይደክማል።

ለውይይት፤

1ኛ/ በቤታችሁና በማኅበራችሁ ሥራው የማይታይ ሰው ማን ነው? በምንስ አመሰገናችሁት?

2ኛ/ መሐመድ ከድር መንገድ ባይለቅ ኖሮ ጥፋተኛ ይባል ነበርን? አስረዱ።

3ኛ/ ጉልበታችሁ ሲያልፍ የሚቀር ምን እያዘጋጃችሁ ነው?