ማኅተሙን ለእጩ አታውሺ

ልጄ፣ ሠራተኞቹ የማኅበራቸው ገንዘብ ያዥ አድርገው እንደመረጡሽ እናትሽ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ከደስታው ጋር ግን ሌላም ወሬ አብሮ መጣ። የአንድ እጩ ደጋፊዎች ጀሞ ካፌ ጋብዘውሽ “ማኅበራችሁ ለቅስቀሳው ምን ያህል ያግዘናል?” ቢሉሽ “እናያለን” ብለሽ መለስሽ አሉ። በምርጫ ሰሞን “እናያለን” ያለ ሰው “እሺ” እንዳለ እንደሚቆጠር አታውቂም? እኔ አጎትሽ ሳሪስ ፋብሪካ ውስጥ ጠጉሬ እስኪሸብት ሠርቻለሁ፤ የማኅበር ኮሚቴም ሆኜ ብዙ ምርጫ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። ልብሽ ቀና እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀት ሳታነቢ የምትፈርሚ መሆንሽንም አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጥር እየሰጠሁ ጽፌልሻለሁ፤ ሰርቪስ ስትጠብቂ አንብቢው።

1. ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነ አትርሺ። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ጥቂት ብር ነው፤ ለከፋዩ ግን የሽንኩርት ወይም የታክሲ ነው። ከከፋዮቹ መካከል ገዢውን ፓርቲ የሚወድ አለ፣ ተቃዋሚውን የሚወድ አለ፣ የምርጫ ካርድ አውጥቶ የማያውቅም አለ። ማኅበር የገቡት አለቃ ሲበድላቸው አብሯቸው የሚቆም ፈልገው ነው። ማንን መምረጥ እንዳለባቸው እንድትነግሪያቸው አልላኩሽም። ከሁሉም ሰብስበሽ ለአንዱ ወገን ካዋልሽው፣ ሌላውን በገዛ ገንዘቡ መታሽው ማለት ነው።

2. ያለ ሠራተኛው ፊርማ ከደመወዙ አንድ ብር እንዳይቆረጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ፣ አሠሪ ከደመወዝ መቀነስ እንደማይችል ይደነግጋል። እኛ አገር ግን ጥሩ ነገር በመጣ ቁጥር ፊርማው ይረሳል። በ2003 የሕዳሴ ግድብ ሲጀመር የአንድ ወር ደመወዝ ስናዋጣ ብዙዎቻችን በደስታ ሰጠን፤ ግድቡ የሁላችን ነውና አልቆጨኝም። ነገር ግን “ሁሉም ተስማምቷል” የሚለውን ቃል የለመደ ቢሮ፣ ነገ ለፓርቲ መዋጮም ያንኑ ቃል ያወጣዋል። እንግሊዞች ይህን ነገር ቀድመው ተጨቃጭቀውበታል። የእነሱ ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1900 ሲመሠረት ዋናዎቹ አቋቋሚዎች የሠራተኛ ማኅበራት ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው ሕግ፣ ማኅበሩ ለፖለቲካ የሚያወጣው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ እንዲቀመጥና አልፈልግም ያለ አባል ከዚያ መዋጮ ነፃ እንዲሆን አዘዘ። ፓርቲ የወለደ ማኅበር እንኳ ሁለት ካዝና ይዟል፤ አንቺ ያለሽ አንድ ነው።

3. የማኅበራችንን ታሪክ እወቂ። ይህን ዘለሽ እንዳታልፊ፤ ትንሽ ይረዝማል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ማኅበር በ1955 ሲቋቋም ሰው የሚያውቀው እድርና እቁብ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ የካቲት 28 ቀን 1966፣ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ከተማው ለአራት ቀን ጸጥ አለ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል፣ የጡረታ መብት፣ የመንግሥት ሠራተኛም እንዲደራጅ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩት። ያን ጊዜ ማኅበሩን የማያሞግስ አልነበረም። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ቢጠይቅ፣ ፕሬዝዳንቱን በየነ ሰሎሞንን ጨምሮ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። በ1969 በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ይኸኛው የመንግሥት ወዳጅ ነበር። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ ግን በዚያው ዓመት፣ ፓርቲዎች በጥይት በሚከራከሩበት ሰሞን፣ ተገደለ። ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ በ1986 የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተመሠረተ። ፕሬዝዳንቱ ዳዊ ኢብራሂም የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማሻሻያና የሠራተኛ ቅነሳ ተቃወመ፤ ማኅበሩ ተከፋፈለ፣ በ1987 ምዝገባው ተሰረዘ፣ እሱም ተሰደደ። ኮንፌዴሬሽኑ እንደገና የቆመው በ1989 ነው።
እንግዲህ ቁጠሪ። ደርግም ኢሕአዴግም ማኅበሩን ሲፈልጉት አቀፉት፣ ማኅበሩ አፉን ሲከፍት ደግሞ አንገቱን ያዙት። ከዚህ የተማርኩት ዝም በሉ የሚል አይደለም። ማኅበር የሚናገረው ስለ አባላቱ እንጀራ ሲሆን፣ ቢመታም የሚመለስበት ሰው አለው። የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ወንበር ሲሆን ግን፣ ሰውየው ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮት ይወድቃል፤ ሰውየው ሲያሸንፍም እናንተን ማስታወሱ አጠራጣሪ ነው።

4. ባለሀብት ሲሰጥ ለምን እንደሚሰጥ ተመልከቺ፤ ከባለሀብት ጋር ግን በገንዘብ አትፎካከሪ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምኒልክ ቤተ መንግሥት “ገበታ ለሸገር” ብለው እራት ጠሩ፤ የአንድ ሰው ወንበር አምስት ሚሊዮን ብር ነበር። ገንዘቡ ለወንዝ ዳርና ለመናፈሻ ልማት እንጂ ለምርጫ ቅስቀሳ አልተሰበሰበም፤ መናፈሻውንም አልጠላሁትም። ነገር ግን ከመሪ ጋር አንድ ማዕድ ለመቁረስ የሚከፈለውን ያየ ሰው፣ የእኛ ነጋዴ ከመንግሥት ምን እንደሚፈልግ ይገባዋል። መሬቱ ከመንግሥት ነው፤ የውጭ ምንዛሪው፣ ፈቃዱ፣ ግብሩም እዚያው ነው። ስለዚህ የእኛ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ብዕሩን ለያዘው ይሰጣል። ለተቃዋሚ ቢሰጥም ስሙ እንዳይጻፍ ይለምናል።
አሜሪካ ሄደሽ ብታይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያዎችም የሠራተኛ ማኅበራትም ከእጩው ተነጥለው እስከሠሩ ድረስ ለምርጫ ያለ ገደብ ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ለሁለቱም እኩል በር የከፈተ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ምርጫ ባለሀብቱ ኢሎን መስክ ብቻውን ለዶናልድ ትራምፕ መመረጥ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በሩ እኩል ቢከፈትም የሚገባው ኪስ እኩል አይደለም። እዚህ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው፦ በኢሕአዴግ ዘመን ትእምት፣ ጥረት፣ ቱምሳና ወንዶ የሚባሉ፣ ከአባል ድርጅቶቹ ጋር የተሳሰሩ የንግድ ተቋማት ነበሩ። ፓርቲው በራሱ ባለሀብት ሲሆን የአንቺን መዋጮ የሚፈልገው ለገንዘቡ አይደለም፤ ከኋላው የቆሙትን ስሞች ፈልጎ ነው።
ያም ሆኖ ገንዘብ ሁሉን ይገዛል ብለሽ አትደንግጪ። በ1997 ገዢው ፓርቲ መዋቅሩም ቲሸርቱም ነበረው፤ ሼህ መሐመድ አል-አሙዲን የመሳሰሉ ታላላቅ ባለሀብቶችም ድጋፋቸውን በአደባባይ ገልጸውለት ነበር። አዲስ አበባ ግን ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠች። የእኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶም ያኔ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣት፣ እያነሳ ያደረ ክፍለ ከተማ ነው። ያ ድምፅ ከተማዋን ሳያስተዳድር መቅረቱና የቅንጅት መሪዎች መታሰራቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እሱን ለብቻው እንጫወታለን።

5. ጥሬ ብር ብቻ አትቁጠሪ። ሞንታርቦ፣ አዳራሽ፣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ፣ ነዳጅ፣ ሠራተኛው ሰልፍ እንዲወጣ የተፈቀደለት ግማሽ ቀን፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሥራ አስኪያጁ “አውቶቡሱን ውሰዱ፣ እጩውን ሸኙ” ካለ፣ በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ያን አውቶቡስ ያነሳብሻል። ዕቃ ተውሶ የመለሰ ሁሉ ነፃ አይሆንም። በመዝገብሽ ላይ ቀኑን፣ ዕቃውን፣ የሰጪውን ስም ጻፊ፤ “ይህማ ትንሽ ነው፣ አይጻፍም” የሚልሽ ካለ እሱን አስቀድመሽ ጻፊ።

6. ስሙን የማይነግርሽን ሰጪ አትቀበዪ። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ምንጩ ካልታወቀ ሰውና ከውጭ ዜጋ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውንም አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። ይህን የምነግርሽ ዋሽንግተን ያለው የአክስትሽ ልጅ “ለእጩው ልላክ፣ በአንቺ ሒሳብ ይግባ” ብሎሽ እንደነበር ስለሰማሁ ነው። ልጁ አገሩን ይወዳል፤ በ1997ም የውጭ ወገኖቻችን ቅንጅትን በገንዘብ እንዴት እንደረዱ አይቻለሁ። አሁን ግን በእጁ የያዘው ፓስፖርት የአሜሪካ ነው። በሕጉ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። የእሱ ፍቅር በአንቺ የባንክ ደብተር በኩል ካለፈ የሚጠየቀው እሱ አይደለም፣ አንቺ ነሽ። አክስትሽ ብትቀየመኝም እኔው እነግራታለሁ።

7. ሰው አትደግፉ፣ ጥያቄ ያዙ። እጩ ሲመጣ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ አዳራሹን ለሁሉም በእኩል ክፈቱ፤ ከዚያም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። ለምሳሌ አዋጅ 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተናግሯል። ወለሉ የታለ? ቤት ኪራይ ከደመወዝ በላይ በሆነበት በለቡና በሃይሌ ጋርመንት የሚኖር ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለውም። መልሳቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሪ፤ ቀን ጻፊበት፤ አስፈርሚ። ይህ መንገድ አይሠራም የሚልሽ ሰው ካለ የግብሩን ነገር ንገሪው። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መጠን ለዓመታት 600 ብር ነበር። ኢሠማኮ በየሜይ ዴዩ ከፍ እንዲል ጠየቀ፤ በ2015 ሰልፉ ሳይፈቀድ ቀርቶ እንኳ ጥያቄውን አልተወም። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ 2,000 ብር ሆነ። ኑሮው የት ደርሶ እያለ 2,000 ብር ጥቂት ነው፤ እኔም አጨብጭቤ አላደርኩም። ግን ለየትኛውም እጩ ፖስተር ሳይለጠፍ የመጣ ጥቂት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የሰማሽው እንዲህ ላለው ነው፤ ባለሀብቱ አምስት ሚሊዮን ብር አለው፣ እናንተ ብዛት አላችሁ።

8. የራስሽን ፖለቲካ አትቅበሪ። ማኅበሩን ለዪ አልኩ እንጂ አንቺ ድዳ ሁኚ አላልኩም። ዜጋ ነሽ፤ ብትፈልጊ የፓርቲ አባል ሁኚ፣ በእረፍት ቀንሽ ፖስተር ለጥፊ፣ ከራስሽ ኪስ አዋጪ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። የማኅበሩን መታወቂያ ግን ቤት አስቀምጠሽ ውጪ። ሰው “የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እንዲህ አለች” እንዳይል፣ ቅስቀሳ ላይ ስትቆሚ ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው።

9. ለጀሞዎቹ ሰዎች በዚህ ሳምንት መልስ ስጪ። በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን፤ ሊቀመንበሩም ይፈርምበት። ማኅበሩ ለማንም እጩ ገንዘብ እንደማያዋጣ፣ እጩው ግን እንደሌሎቹ ሁሉ መጥቶ ጥያቄ ሊመልስ እንደሚችል ጻፉ። ግልባጩን ፋይል ውስጥ አኑሪ። ማኅበራት ለምርጫ ማዋጣት ይችላሉ አይችሉም ብለው ቢከራከሩሽ፣ ክርክሩን ካፌ ውስጥ አትጨርሺው፤ ለምርጫ ቦርድ በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን ጠብቂ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይዘሽልኝ ነይ፤ ስለ ወጪ የሚናገረውን አንቀጽ አብረን እናነባለን። መነጽሬ ተሰብሯልና ድምፅ አውጥተሽ የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ።