የምሽት ምግብ ከመንገድ ዳር፦ ትኩሱንና ለብ ያለውን እንለይ

በዚህ ወር ትምህርታችን ብዙዎቻችን የምንወደውን፣ ነገር ግን እምብዛም የማንነጋገርበትን ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም ከመሸ በኋላ መንገድ ዳር ቆመን የምንበላው ምግብ ነው።

በደብረ ማርቆስ መሸት ሲል በየመንገዱ ዳር ምድጃ ይቀጣጠላል። ድንች ይጠበሳል፣ ሳምቡሳ ከዘይት ይወጣል፣ ቅቅል እንቁላል በሣህን ይደረደራል። ዳቦ ተሰንጥቆ ድንች ጥብስና ዳጣ የሚገባበትም አለ፤ አዲስ አበቤዎች «እርጥብ» የሚሉት ነው። ደንበኛውም ብዙ ዓይነት ነው፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ በከተማችን ያደረ መንገደኛ፣ ሥራውን የጨረሰ የባጃጅ ሹፌር፣ ሲያጠና ያመሸ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በረመዷን ደግሞ ከተራዊሕ ሶላት የሚመለስ ወጣት። ሰዓቱ እንደ ጊዜው ሁኔታ ያጥራል፣ ይረዝማል፤ ምግቡ ግን አልቀረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰውን ማስፈራራት አይደለም። ከምድጃው ጀርባ የተቀመጠችው እናት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ገቢ ነው። ዓላማችን የሚበላው ሰው መርጦ እንዲበላ፣ የሚታመመውም በትክክል እንዲታከም ነው።

ደንበኞች የሚነግሩን

በመድኃኒት መደብር ጠዋት ጠዋት የምንሰማው አቤቱታ ይመሳሰላል። «ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቦታ በላን፤ እሱ ደህና ነው፣ እኔን ግን ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ» ይላል አንዱ። ሌላዋ «ሁልጊዜ የምገዛበት ቦታ ነው፤ ምንም ሆኜ አላውቅም ነበር» ትላለች። ሦስተኛው «ትናንት ማታ በበላሁት ታይፎይድ ያዘኝ» ብሎ መድኃኒቱን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል።

እነዚህን ሰዎች ረጋ ብለን ስንጠይቃቸው ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በቦታው ላይ አይደለም። አንዱ ከመጥበሻው የወጣውን ወዲያው በልቷል፤ ሌላው ተጠብሶ ሲጠብቅ የቆየውን። አንዱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደርሷል፤ ሌላው ሻጯ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል። ያው ምድጃ፣ ያው እጅ፣ ያው ምግብ፤ የተለያየው ሰዓቱ ነው።

ለምን ሰዓት ወሳኝ ሆነ?

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያስተምረው መሠረት ምግብ የሚበክሉ ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መካከል ነው። ምግቡ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ከደረሰ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የበሰለ ምግብም ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም።

«የማርቆስ ብርድ ምግብ አያበላሽም» የሚል ሰው አይጠፋም። ብርዱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምግቡ የሚቀመጠው ብርዱ ውስጥ ሳይሆን ከምድጃው አጠገብ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። እዚያ አይቀዘቅዝም፣ አይሞቅምም፤ ለብ እንዳለ ያመሻል። ጀርም የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ጀርም ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም እንቁላልና ድንች እስከ ውስጣቸው ለመብሰል ከቆላው አገር ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። አስኳሉ የሚፈስ እንቁላል ከመንገድ ዳር አትግዙ።

ማሞቅ የማያድነው መርዝ

በሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ፣ በተለይም በእጅ ቁስል ውስጥ፣ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ሻጯ እንቁላል ወይም ድንች ልጣ ስታስቀምጥ ከእጇ ወደ ምግቡ ሊያልፍ ይችላል። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ይረጫል። በኋላ ቢሞቅ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን ይቀራል። ስለዚህ «ትንሽ አሙቂልኝ» ማለት ዘወትር መፍትሔ አይሆንም። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ገዝቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ራስ መላጥ ግን ቀላልና ጥሩ መከላከያ ነው።

የዚህ መርዝ ሕመም ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በትውከት ይጀምራል። ታይፎይድ ግን እንዲህ አይቸኩልም፤ ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። እንግዲህ የትናንት ማታ ሳምቡሳ ዛሬ ጠዋት ታይፎይድ ሊሆን አይችልም። ሻጯን በማታውቀው ነገር ከመክሰስ፣ ራሳችንንም በማያስፈልግ መድኃኒት ከመጉዳት ይህን ሒሳብ ማወቁ ያድነናል።

ሆት ዶግና ቋሊማ

በሌላው ዓለም የምሽት መንገድ ዳር ምግብ ሲባል ከሚነሱት አንዱ ሆት ዶግ ነው፤ ዳቦ ውስጥ የሚገባ ቋሊማ። ቋሊማ ፋብሪካ ውስጥ በስሎ ስለሚመጣ ብዙ ሰው እንዲሁ ቀዝቃዛውን ይበላዋል። በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ፖሎኒ በሚባል ተዘጋጅቶ በሚሸጥ የሥጋ ምግብ አማካይነት ተሠራጭቶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከ200 በላይ ሞተዋል። ይህ ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። ነፍሰ ጡር እናትን ፅንሷን ሊያሳጣት ይችላል። ስለሆነም ቋሊማ የሚበላ ሰው በፊቱ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ይጠበስለት።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሥጋው የማን ዕርድ ነው? በሀገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ዕርድ እንደማይበላ ሻጮቹም ስለሚያውቁ መጠየቅ ማስቀየም አይደለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ዘይቱን ነው። የምስር ሳምቡሳ ገዝተን የሥጋው ሳምቡሳ በዚያው ዘይት ተጠብሶ ሊሆን ይችላል። በክርስቲያኖች ጾም ወራት መጥበሻው ሥጋ ላያገኘው ይችላል፤ ዘይቱ ከፍስክ የተረፈ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ግን አይከፋም። የሸሪዓውን ብይን ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። ከጤና አንፃር ግን የጠቆረ፣ አረፋ የሚደፍቅና ሳይግል የሚጨስ ዘይት ደጋግሞ የተጠበሰበት ነውና ተዉት።

ከታመምን ምን እናድርግ?

ትውከትና ተቅማጥ ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳን የውኃና የጨው ማለቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ባለ ግማሽ ሊትር የውኃ ላስቲክ ከሆነ ያላችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨዉን ያበዛዋልና ለሕፃን አደገኛ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋ። ከረጢቱ ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥ። የሚያስመልሰው ሰው በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ዚንክ ይጨመርለታል፤ ከ6 ወር በላይ ከሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ከሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡት አይከልከል።

«ፍላጂል ስጡኝ» ብላችሁ አትምጡ። ፍላጂል ለአሜባና ለጃርዲያ ይጠቅማል፤ ከላይ ለጠቀስነው መርዝ ግን ምንም አያደርግም። አሞክሳሲሊንም እንዲሁ። ያለ ምርመራ የተወሰደ ፀረ ተሕዋስያን በእውነት በሚያስፈልገን ቀን እንዳይሠራ አድርገን እናስለምደዋለን።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፦ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጠጡት ሁሉ መመለስ፣ የሽንት መቀነስ፣ የሕፃን ዓይን መሰርጎድ ወይም መፍዘዝ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ቶሎ ይታዩ።

ለመያዝ የሚቀሉ አምስት ነጥቦች

1. በፊታችሁ ከመጥበሻው የወጣውን ግዙ፤ ተጠብሶ የተቀመጠውን ተዉ።
2. ዳጣ፣ ሰላጣና ማዮኔዝ እሳት የማይነካቸው ስለሆኑ ሲከፈቱ የዋሉ ከሆነ ይቅሩባችሁ።
3. ገንዘብ የምትቀበለው እጅ ምግቡን በቀጥታ እንዳትነካ በትሕትና ጠይቁ፤ ማንኪያ ወይም ሹካ ይበቃል።
4. ስለ ሥጋውና ስለ ዘይቱ ሳታፍሩ ጠይቁ።
5. የተረፈውን ለልጆች ቁርስ ብላችሁ አታሳድሩ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ደንበኛ ትኩሱን ብቻ ሲጠይቅ ሻጭም ጥቂት ጥቂት እየጠበሰች መሸጥ ትለምዳለች። ኪሳራዋ ይቀንሳል፣ የእኛም ጤና ይጠበቃል። ይህን ትምህርት ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ከቤት ይልቅ ውጭ የሚያመሹት እነርሱ ናቸውና። አላህ ሐላልና ጤናማ የሆነውን ሲሳይ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።