መሳቢያ ውስጥ የተረሳው አሮጌ ሞባይል



በቂርያት መላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ በብዙ ቤቶቻችን አሮጌ ሞባይል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ልጆቻችን ከዩኒቨርሲቲ ለሰንበት ሲመጡ አዲሱን ስልክ ይዘው ነው፤ አሮጌውስ?

በተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን የጠየቁ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ስለ አካባቢ ብክለት ማወቅ ብቻውን አይበቃም። መረከቢያው ቅርብ ከሆነ ይሰጣሉ፤ ሩቅ ከሆነ ይተዉታል። ፎቶና ምስጢራቸው በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባም ይሰጋሉ። የቤተሰብ ልማድም ይስባቸዋል።

ነገሩ የጤናም ጉዳይ ነው። የሞባይሉ የሊቲየም ባትሪ ካበጠ፣ ከተበሳ ወይም ከተቀጠቀጠ በእሳት ሊያያዝና መርዛማ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ለሕፃናት መጫወቻ አንስጠው፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አንጣለው።

ምን እናድርግ?

1. ልጃችን ፎቶዎቹን ገልብጦ፣ በስልኩ ያለውን ሁሉ ደምስሶ፣ ሲም ካርዱን ያውጣ።
2. በእስራኤል በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አዲስ ስልክ ስንገዛ ሻጩ ተመሳሳይ አሮጌ ስልክ ያለ ክፍያ መቀበል አለበት። ሌላ መረከቢያ ካለም የከተማችንን ማዘጋጃ ቤት እንጠይቅ።
3. ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግ፤ አይበሳ። ከሚቃጠል ነገር አርቀን እናስቀምጠው፤ ስናስረክብም ማበጡን እንንገር።

ልጅ ከምክር ይልቅ የሚያየውን ይከተላል። በመጪው ሰንበት መሳቢያውን አብረን እንክፈት፤ መጀመሪያ የምናወጣውም የራሳችንን ስልክ ይሁን።