ብርቅ ሸክላ ሁሉ ደህና ሸክላ አይደለም

አሮጌ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን መለየት አለበት፦ ሸክላው ምን ያህል ብርቅ ነው? ያለበትስ ሁኔታ እንዴት ነው? ብዙ ሻጭ ግን የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛውም ይጠቀምበታል። የጥላሁን ገሠሠ ወይም የማሕሙድ አሕመድ ስም ከተጻፈበት፣ መርፌ የበላው ሸክላም ቢሆን ሙሉ ዋጋ ይጠየቅበታል። በሸክላ ንግድ ሻጭንም ገዢንም የሚጎዳው ዋናው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመርካቶው ሶማሌ ተራ ልዩነቱን ከጥንት ያውቀዋል። እዚያ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው፣ ዕቃው ከገበያ ስለጠፋ ብቻ ደህና ነው ብሎ አይወስድም። መካኒኩን ይዞ ይሄዳል፤ ያገላብጣል፤ ጥርሱ መበላቱን፣ አካሉ መሰንጠቁን ያያል። ኦርጅናል መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ መሥራቱ ሌላ። ሸክላም በዚሁ ዓይን መታየት ይገባዋል።

የኛ ሸክላዎች ብርቅ የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ሕንድ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ካይፋ ሪከርድስና ሌሎችም ተከተሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሳይገባደዱ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። የግል አሳታሚዎቹ የሸክላ ዘመን በጥቅሉ ከአሥር ዓመት ብዙም አላለፈም። በዚያ ላይ እነዚህ ሸክላዎች በየቡና ቤቱና በየድግሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሽከረከሩ የኖሩ ናቸው እንጂ በመደርደሪያ የተቀመጡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ሙዚቃውን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ፈላጊው በዛ፤ የተረፈው ቅጂ ግን ያው ጥቂቱና የተጎዳው ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ የኛ ሸክላ ሁሉ ያረጀ ከሆነ በውጭ ሰዎች ሚዛን መመዘኑ አድልዎ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ሚዛኑ የሚለካው ሸክላው የደረሰበትን ጉዳት ነው፤ የዘፈኑን ክብር አይነካም። በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው የአሜሪካው ጎልድማይን መጽሔት መለኪያ ነው። ከላይ ወደ ታች ሚንት፣ ኒር ሚንት፣ ቬሪ ጉድ ፕላስ፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ እያለ እስከ ፑር ይወርዳል። ቬሪ ጉድ ፕላስ ከኒር ሚንት ዋጋ ግማሽ ያህል፣ ቬሪ ጉድ ደግሞ ሩብ ያህል ያወጣል ተብሎ ይገመታል። ስሙ አያታልልዎ፤ ጉድ («ጥሩ») የተባለው ክፉኛ የተጫረ፣ ሲጫወት የሚንጫጫ ሸክላ ነው። በዚህ መለኪያ ብዙው የአዲስ አበባ ሸክላ ከቬሪ ጉድ በታች ቢወድቅ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ብርቅነቱ የሚታየው በዋጋው ነው፤ ኒር ሚንት ቅጂ ጨርሶ የማይገኝለት ሸክላ በጉድ ደረጃም ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። ደረጃውን ከፍ አድርጎ መጻፍ ግን ዋጋውን ማሳደግ አይደለም፤ መዋሸት ነው።

ምርመራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሸክላውን ጠርዙንና መካከሉን ብቻ ይዘው ከጠንካራ ብርሃን ሥር ያዘንብሉት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት መርፌውን ሊያዘልል ወይም አንድ ቦታ ሊያስደጋግም ይችላል፤ በዓይን ብቻ የሚታይ ቀጭን ጭረት ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መጣመሙን ይዩ። በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ የቀድሞ ባለቤት ስሙን በእስክሪብቶ ጽፎ ከሆነ ይግለጹት። ለሽፋኑና ለሸክላው የየራሳቸውን ደረጃ ይስጡ። ከዚያ ሁለቱንም ፊት ከዳር እስከ ዳር ያዳምጡ፣ ምክንያቱም ባረጀ መርፌ የተበላ ቦይ እያንጸባረቀም ሊያታልል ይችላል። አቧራውን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ በዙሩ አቅጣጫ ያንሱ። የጥንቱን ባለ 78 ዙር ሸክላ ግን አልኮል አያስነኩት፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ጉድለቱን ከተናገርኩ ዋጋ ይወርድብኛል የሚለው ሥጋት ከሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። እውነት ነው፣ በአንዱ ሽያጭ ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን የሸክላ ገዢ ብዙውን ጊዜ ሩቅ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ፓሪስ ተቀምጦ የሚያየው ፎቶና የሻጩን ቃል ብቻ ነው። ቃሉን ካላመነ የከፋውን ገምቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ አምኖ ከተታለለ ደግሞ ሸክላውን ይመልሳል፣ ወሬውንም ለሌሎች ሰብሳቢዎች ያደርሳል። ሰብሳቢዎች ጥቂት ናቸው፤ እርስ በርስም ይተዋወቃሉ። ሌላው ክርክር ደግሞ ሙዚቃው እንደገና ስለታተመ አሮጌው ዋጋ የለውም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ2014 እንደገና ታትሟል፤ የሙላቱ አስታጥቄ የ1972ቱ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ም እንዲሁ በ2017። ዘፈኑን ብቻ የሚፈልግ ሰው አዲሱን ይገዛል። የመጀመሪያውን እትም የሚፈልገው ደግሞ የሚከፍለው ለዕቃው ነው፤ ስለዚህ ከቀድሞው ይበልጥ ሁኔታውን ይመረምራል። የትኛው እትም እንደሆነ ለመለየት ክቡን ወረቀትና በሸክላው ማብቂያ ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ያንብቡ፤ ሁለቱንም ፎቶ አንስተው ያሳዩ።

አንድ ተቃውሞ ግን በዋጋ አይመለስም፦ ሸክላዎቹ አገር ጥለው እየሄዱ ነው። እኔም ያሳስበኛል። ባለቤቱ በችግር ምክንያት የሚሸጠውን ሸክላ አትሽጥ ማለት አይቻልም፤ ሳይቀዳ መሸጡ ግን ከችግር አይቆጠርለትም። ስለዚህ ሸክላዎን ከመሸጥዎ በፊት ድምፁን በጥሩ ማጫወቻ ይቅዱ፤ የክቡን ወረቀትና የሽፋኑን ፎቶ ያስቀሩ፤ የዘፋኙን፣ የባንዱንና የአሳታሚውን ስም መዝግበው ያኑሩ።