የተሰነጠቀው የማኒላ ሻል

በሴቪያ ብዙ ዘመን ያገለገልኋቸው አረጋዊት እመቤት ጥልፍ የሞላበት የማኒላ ሻል አበረከቱልኝ። ለሚያዝያው የፌሪያ በዓል በፍላሜንኮ ቀሚሴ ላይ ልደርበው ባወጣው፣ ሐሩ በእጥፋቱ ተሰንጥቆ፣ ዘርፉም ተተብትቦ አገኘሁት። ምን ይሻለኛል?
ወ. ተ.፣ ከሴቪያ

መልስ፤ ክብርት ሆይ፤ በቻይናዋ ካንቶን ጠላፊዎች እጅ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 በማኒላና በአካፑልኮ መካከል በተመላለሱት የእስፓኝ መርከቦች ጎዳና አንዳሉሲያ የደረሰው፣ የካንቲላና ከተማ ሴቶችም እስከ ዛሬ ዘርፉን በእጃቸው እየቋጩ ያከበሩት ይህ ድንቅ ጥበብ በእጅዎ በመግባቱ ደስ ብሎኛል። ሐር በባሕርዩ ብርሃንና ድርቀት የሚያዳክሙት ስለሆነ፣ ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ ሲኖር ክሩ በዚያው ይሰበራል፤ የጥልፉና የዘርፉ ክብደትም ስንጥቁን እያሰፋው ይሄዳል።

ስለዚህ በመስቀያ ሳይሰቅሉት፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በለበሰ ወፍራም ጥቅል ላይ በዝግታ ጠቅልለው ከፀሐይ ይሰውሩት። ዘርፉን ከጫፉ ጀምረው ወደ ቋጠሮው በጣትዎ ይፍቱት እንጂ ማበጠሪያ አያስነኩት። ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም ወደ ነጭ ጥልፍ ሊፈስ ይችላልና በቤት ከማጠብ ይታቀቡ፤ ሽቶም አይርጩበት።

ስንጥቁን በመርፌ መስፋት ሐሩን ይበልጥ ይቀደዋልና፣ ከበስተኋላው ስስ ሐር ደግፎ ለሚያጸናው የጥንታዊ አልባሳት ጠጋኝ ያሳዩት። እርሱ ሳያየው በፌሪያው ግፊያ መካከል መልበሱን አልመክርዎም፤ ለዘንድሮ ትከሻን ብቻ የሚሸፍነው፣ በደረት ላይ በጌጥ መርፌ የሚያዘው ትንሹ ሻል ለቀሚስዎ ይበቃዋል።